የተገነጠለው የክንፍ ጫፍ

ሐረግወይን ባሏ ነገራ አውሮፕላን እንደሚወድ ታውቃለች፤ ከአውሮፕላኑ ጋር ደራርቱንም ይውደድ አይውደድ ግን እንጃ። ነገራና ደራርቱ ነቀምቴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራሉ። ደራርቱ ከአርጆ የመጣች፣ ያላገባች፣ ሳቋ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት።

በ1982 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ ሁለቱ ከትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል አልጠፋ አሉ። ከመጽሔት ላይ ያዩትን፣ የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ያለ አዲስ አውሮፕላን በካርቶንና በቀጭን ጣውላ እያስመሰሉ ይሠሩ ነበር። በወለጋ መምህራን ኤግዚቢሽን ላይ አንደኛ የወጣ ሥራ ሁለት ሠሪዎቹን ለአገር አቀፉ ውድድር ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ይልካል። ሐረግወይንን እንቅልፍ የሚነሳት ይህ ሁለት ሳምንት ነው። አውቶቡሱ ጊቤ ላይ ገደል ሲገባ ይታያታል፤ ካልገባ ደግሞ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተደጋግፈው ሲያንቀላፉ። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት ባለው ቀን ነገራ ሞዴሉን በአንሶላ ሸፍኖ ቤት አመጣው።

«ጫፉ ለምን ቀና አለ? የተሰበረ ነው የሚመስለው» አለችው እራት ላይ።

«ከክንፉ ሥር ያለው አየር በጫፉ በኩል ወደ ላይ ያመልጣል። ሲያመልጥ ይሽከረከርና አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቀና ያለው ጫፍ ሽክርክሪቱን ይቀንሰዋል፤ ነዳጅ ይተርፋል።»

«ይህን ያህል ከጠቀመ ሁሉም ላይ ለምን የለም?»

«ፋብሪካዎቹ ዝም ብለው አይቀጥሉትም እኮ። ክብደት ይጨምራል፤ ክንፉም መጠንከር አለበት። ዓይናቸው የተከፈተው ነዳጅ ሲወደድ ነው። አንዱ አዲስ አውሮፕላን ሲሠራ አብሮ ያበጅለታል፤ ሌላው ጥቅሙ ከክብደቱ ካልበለጠ ይቅርብኝ ይላል። ደራርቱ እንዲያውም...»

«ደራርቱ እንዲያውም ምን?»

«ምንም። ወጥ ጨምሪልኝ።»

«ደራርቱ ትጨምርልህ!»

በማግስቱ ጠዋት ነገራ ሊታጠብ ጓሮ ሲወጣ ሐረግወይን አንሶላውን ገለጠች። የተሰበረ ነገር አያሸንፍም፤ ካላሸነፈ ደግሞ አዲስ አበባ የለም። የቀኙን ጫፍ ገንጥላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ወደ ግራው እጇን ስትሰድ ኮቴ ሰማችና መልሳ ሸፈነችው። ነገራም ሳያይ ተሸክሞት ወጣ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንሶላው ሲነሳ የነገራ ፊት አመድ መሰለ። ደራርቱ «ያ ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጓድ ታፋ ሰዓቱን እያየ «ጀምሩ እንጂ!» ሲል ግን ደራርቱ ከሞዴሉ ፊት የቆመውን ቬንትሌተር ከፈተችው። በሁለቱም ክንፎች ዳር፣ ከቀናው ጫፍ ሥር፣ ቀይ ክር ታስሮ ነበር። የግራው ክር ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። የቀኙ፣ ጫፉ የሌለው፣ እንደ እንዝርት ሾረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ሌላው ሁሉ በአፉ ነው የነገረን፤ እናንተ በዓይናችን አሳያችሁን!» አለ ታፋ። «አንዱን ክንፍ ባዶ የመተው ሐሳብ የማን ነው?»

«የእኛ አይደለም ጓድ። ሁለቱም ጫፍ ነበራቸው» አለች ደራርቱ።

ከተመልካቾቹ መካከል የነበረችው ሐረግወይን ሳታስበው ተነሳች። «እኔ ነኝ የገነጠልኩት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታፋም «እጅሽ ይባረክ፤ አንደኛ አውጥተሻቸዋል!» አላት። ደራርቱ ብቻ አልሳቀችም። ወደ እሷ መጥታ በቀስታ፣ «አዴ ሐረጌ፣ በእኔ ጠርጥረሽ ነው?» አለች።

ሐረግወይን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ደራርቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «በእኔ ፈንታ የእሷን ስም ጻፉልኝ። ያሸነፈችው እሷ ናት።»

በሳምንቱ ሐረግወይን ልጆቿን ለባሏ እህት ለአሰፋች ትታ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ከነገራ ጎን ተቀመጠች። የፈለገችው ቦታ ይኸው ነበር። ነገራ ግን ከነቀምቴ እስከ ባኮ ፊቱን ከመስኮቱ አላነሳም።

«እስከ መቼ ነው የምትዘጋኝ?» አለችው በመጨረሻ።

«ደራርቱ ብትሆን ለዳኞቹ የምንለውን እየተለማመድን ነበር የምንሄደው።»

«እኔንም አለማምደኝ» አለች። «አየሩ በጫፉ በኩል ያመልጣል፤ ከዚያስ?»

ነገራ ኮቱን ተከናንቦ ወንበሩን ተደገፈ። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምታስታውሰውን ያህል ለብቻዋ ትደጋግም ጀመር።