የናካኖ መላጊያ

ሚስተር ናካኖ የመላጊያውን ሆድ ወደ መስኮቱ አዙሮ ማስመሪያ አስደገፈበት። በመሃሉ ምንም ብርሃን አላለፈም። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማን ነው የነካው?"

ኦክላንድ ያለው የቤት ዕቃ ማምረቻው ሠራተኞች ከሥራቸው ቀና አሉ። የነኩት አቶ ተኽኣ ነበሩ። ከዕድሜያቸው እኩሌታውን በአናጢነት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ይህ እንደኛ አገሩ የማይገፋ፣ ወደ ራስ የሚሳብ የጃፓን መላጊያ ሁልጊዜ ያስቃቸዋል። ትናንት ሠራተኛው ሲወጣ ሆዱን ቢያዩት መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። "ይሄማ ጠሟል! እኔ እያለሁ?" ብለው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ለጥ አደረጉት።

"ጉድጓዱን የፋቀው አባቴ ነበር" አለ ናካኖ። "ጫፉና ምላጩ አጠገብ ብቻ እንጨቱን እንዲነካ። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም።"

አቶ ተኽኣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

"እኔ ነኝ፤ ሶሪ" አለች ትርፌ።

ትርፌ በዲቪ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እንጨት ማለስለሱን ሥራ ለምነው ያስገኙላት አቶ ተኽኣ ናቸው። ናካኖ በሰው ሁሉ ፊት ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነግሯት ወደ ቢሮው ገባ።

ሽርጧን ስትፈታ አቶ ተኽኣ ተጠጓት። "ምን ነካሽ ልጄ?"

"ትናንት ጃኬቴን ረስቼ ስመለስ አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ። እኔ ዩኒየን ሲቲ ያለ የአረጋውያን ኬር ሆም አፕላይ አደርጋለሁ። እርስዎን በዚህ ዕድሜ ማን ሃየር ያደርግዎታል?"

"ቆይ፣ ማታ ለብቻው እነግረዋለሁ።"

"ይተዉት። እርስዎ እዚህ የተከበሩ ሰው ነዎት።"

አቶ ተኽኣ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። መላጊያውንስ ያበላሹት ባለማወቅ ነው። እሷ ስትዋረድ አፋቸውን ይዘው የቆሙት ግን እያወቁ ነው። "ማታ" ማለታቸውም አሳፈራቸው።

የናካኖ ቢሮ ክፍት ነበር። ገብተው፣ በሩን ዘግተው መናገር ይችላሉ። እስከ ደጃፉ ሄዱ። ከዚያ ተመለሱና ሠራተኞቹ ምሳቸውን ከፍተው በተቀመጡበት መሃል ቆሙ።

"ሚስተር ናካኖ" ብለው ተጣሩ፤ "እባክዎ ወደዚህ ይውጡ። ሁሉም እየሰማ የምናገረው አለኝ።"