ከአባባ እግር ስር

እኔ ጭንቀታም ነኝ፤ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ግን አባቷ ሰባ ዓመት አልፎት በባዶ እግሩ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ላይ ሲቆም እያየች የማትጨነቅ ልጅ ካለች፣ እሷ ናት ችግር ያለባት።

አረንጓዴዋ ጓሯችን ውስጥ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ላይ ናት። አባባ በቀን አምስቴ ለሰላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው እዚያ ነው፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይሄዳል። የሚፈሰው ውኃ መሬቱን ሲያርሰው ኖሮ ምንጣፍ የመሰለች አጭር ነገር አበቀለ። የእጽዋት ማዕከል የሚሠራው ጎረቤታችን ያዕቆብ «ሞስ ናት፤ ጥላና እርጥበት ትወዳለች» ብሎኛል። ትውደድ። ከእሷ አንድ እርምጃ አልፎ ግን ግቢያችን ያልቅና ገደል ነው፤ ታች የእትዬ ታየች ግቢ ነው።

«አባባ፣ ልፋቃት» ስለው፣

«ተያት፤ ምን አደረገችሽ?» ይላል።

«ታዳልጣለች እኮ።»

«እኔን አዳልጣኝ አታውቅም።»

ግትር ነው። ሰሞኑን ደግሞ ፊት ለፊቱ ካለ ወንበር ጋር ይጋጫል፤ ስጠይቀው «ሐሳብ ይዞኝ ነው» ይለኛል።

ማክሰኞ ጠዋት ከወንድሜ ከሙሐዲን ጋር ሱቅ ሲወርድ ጠብቄ በአካፋ ፋቅኳት። ቦታውንም በበረኪና አጠብኩት። ደረቅ፣ ንጹሕ መሬት ሆነ። ስንት ጊዜ ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነገር፣ እፎይ አልኩ።

ለቀትሩ ሰላት፣ ለዙህር ተመለሰ። ኩሽና ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ። ጫማውን አወለቀ፤ መሬቱን በእግሩ እየዳበሰ ሄደ። እንዲህ እንደሚሄድ ልብ ብዬው አላውቅም። ጥጉ ጋ ደረሰ፤ አልቆመም። እግሩን ሰደደ፣ ዳበሰ፣ እንደገና ወደፊት ሰደደ።

እንዴት እንደሮጥኩ እንጃ። ጃኬቱን ከኋላ ጨምድጄ ስይዘው አንድ እግሩ አየር ላይ ነበር። ማንቆርቆሪያው እነእትዬ ታየች ግቢ ወርዶ ተንኳኳ።

«ለስላሳዋ የት ሄደች?» አለኝ። የጠየቀው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው፤ እኔ በሌላው በኩል ነበርኩ።

«አባባ፣ አይታይህም እንዴ?»

«ብርሃንና ጥላ ይታየኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ካወቃችሁ ብቻዬን ከቤት እንድወጣ አትፈቅዱልኝማ። እግሬ ስር ስትለሰልስልኝ እቆማለሁ፣ በቃ።»

ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ። ያዕቆብ ጋ ሄጄ ስጠይቀው፣ «በረኪናሽን ዝናብ ካጠበው ትመለሳለች፤ ግን ጊዜ ትፈልጋለች» አለኝ። ሙሐዲንም ጫፉን አጥራለሁ ብሎ ቆርቆሮ ሊገዛ ወጣ።

የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ግን አጥር አይጠብቅም። አባባ ሌላ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሲወጣ ቀደምኩት። ጫማዬን አውልቄ፣ እሷ በነበረችበት ቦታ እግሬን አኖርኩ። እየዳበሰ መጣ፤ በጣቶቹ ነካኝና ቆመ።

«ይቺኛዋ ሻካራ ናት» አለ።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለ። ውኃው እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ እስኪጨርስ አልተንቀሳቀስኩም።