የተገለበጠው ኪስ

«ኪሱን ገልብጣችሁ ነው ያመጣችሁልኝ!»

ሠርካዲስ የባሏን ሱሪ በሁለት እጇ አንስታ ለለቀስተኛው አሳየች። ጭቃው ደርቆበት ሱሪው እንጨት ሆኗል። የቀኝ ኪሱ ነጭ ገበር ወደ ውጭ ተጎትቶ ተንጠልጥሏል።

«ስልኩ አለ፤ መታወቂያው አለ፤ የቤቱ ቁልፍ አለ። ሰንጢው የት ሄደ? ሰው ከሬሳ ላይ ይሰርቃል?»

ይህን ሁሉ የምትለው ወደ ዑመር እያየች ነው። ዑመር የባሏ የጌጡ የመንገድ ጓደኛ ነው። የጌጡ አይሱዙ ሚሌ አጠገብ ጎርፍ ውስጥ ሲገለበጥ ከኋላ ይከተል የነበረው፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው፣ አስከሬኑንም ይዞ አዋሽ ድረስ የመጣው እሱ ነው።

«ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ። አንተ ካልወሰድከው ማን ወሰደው?»



«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ» ብሎ ዑመር ተነሳና ከድንኳኑ ወጣ። ወጣ እንጂ አልሄደም። ደጅ ከውሃው በርሜል አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ተይ እንጂ ልጄ» አለች ጎረቤቷ እትዬ ባይሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለችላት። «በለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል!»

ሠርካዲስ ያልተናደደችበት ነገር አልነበረም። ሚሌ ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ደጋ ላይ ዘንቦ ወርዶ ባሏን በወሰደው ጎርፍ ተናዳለች። ድንኳኑን ምጣድ ባደረገው የአዋሽ ፀሐይ ተናዳለች። ከሁሉም ይልቅ እየመጡ «እግዜር ቢወደው ነው» በሚሏት ሴቶች ጨሳለች። ከወደደው ታዲያ እዚሁ ቤቱ ተቀምጦ ቢወደው ምን ነበረበት?

ሰንጢው ደግሞ እንዲሁ ሰንጢ አልነበረም። ጌጡ ከጅቡቲ የገዛው፣ ሲከፍቱት ቢላ፣ መቀስ፣ ካቻቢቴ፣ ወስፌና ትንሽ ፒንሳ ከሆዱ የሚያወጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ያገናኛቸውም እሱ ነው። ከሰመራ ወደ አዋሽ በሚመጣ አውቶቡስ ላይ የቦርሳዋ ዚፕ ሻሿን ነክሶ እምቢ ብሏት ስትታገል፣ ጎኗ የተቀመጠው የማታውቀው ወንድ እጁን ኪሱ ከቶ ሰንጢ መዘዘ። ሠርካዲስ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ አለ። ጌጡ ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ዚፑን ላስለቅቅላት ብዬ ነው» እያለ ፒንሳውን ለእያንዳንዱ ሰው ሲያሳይ ቆየ። ከዚያ ዚፑን አስለቀቀላት። ሻሹ እንኳ አልተቀደደም።

ከተጋቡ በኋላ ቅናት ሊገድላት ደረሰ። ጌጡ በዚያ ሰንጢ የጎረቤት ሬዲዮ ይፈታል፤ ከፍየል ሰኮና እሾህ ይነቅላል፤ ማንጎ ይልጣል፤ የላላ የመነጽር ብሎን ያጠብቃል፤ የተበጠሰ ጫማ በወስፌው በስቶ ይሰፋል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ጌጡ፣ እስቲ ሰንጢህን» ይለዋል። «ያገባኸው እኔን ነው ሰንጢህን?» ስትለው ይስቃል። ከቤት ሲወጣ ስንቁን ይረሳል፣ ስልኩን ይረሳል፤ በር ላይ ቆም ብሎ ቀኝ ኪሱን በመዳፉ ከላይ መታ መታ ሳያደርግ ግን አይሄድም። መኖሩን ማረጋገጡ ነው።

አንድ ጊዜ አብራው ስትጓዝ የአይሱዙው ቀበቶ አልፈታ ብሎ ይዟት ነበር። ጌጡ እየሳቀ የካቻቢቴውን ጫፍ መቆለፊያው ውስጥ ሰክቶ ቀጭ አደረገው። «ይሄ ቀበቶ ጸባዩ እንዲህ ነው» አላት። «አንዳንዴ አልለቅም ይላል።»

ታዲያ ይህን ሰንጢ ከሞተ ሰው ኪስ አውጥቶ የሚወስድ ምን ዓይነት አረመኔ ነው? ሱሪውን እትዬ ባይሽ ልጠበው ብትል አልሰጥም አለች። ማስረጃዬ ነው፤ ሰልስቱ ሲያልፍ ፖሊስ ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ ብላለች።

በሰልስቱ ቀን የጌጡ ታናሽ ወንድም ይገዙ እንደ ልማዱ ከሁሉ በላይ እያለቀሰ ነበር። ይገዙ ሰመራ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ምንጊዜም የተተኮሰ ሰው ነው፤ የሰንጢው ጭቅጭቅ ሲነሳ ገና አልደረሰም ነበር። «መከታዬ! መከታዬ!» እያለ ደረቱን ይመታል። ሠርካዲስ ሌላው ሰው ሁሉ ቢያስመርራትም ለእሱ አንጀቷ ይራራ ነበር።

ሙቀቱ ሲበረታ የዕድሩ ሰዎች የታሸገ ውሃ አስገቡ። የእሽጉ ፕላስቲክ ጠንካራ ነው። አንዷ ሴት በጥፍሯ ሞከረች፤ ሌላዋ በጥርሷ። ይገዙ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ «አምጡት እኔ ልክፈተው» አለና እጁን ኪሱ ከተተ። ሰንጢ አወጣ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ገልጦ ፕላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ሸረከተው።

ሠርካዲስ የሰንጢውን ቀይ እጀታ አየች። ጫፉ ላይ የጌጡ ሲጋራ ያቃጠላት ጥቁር ነጥብ አለች።

«አምጣው» አለች።

ይገዙ ውሃ የፈለገች መስሎት ጠርሙስ አነሳላት።

«ሰንጢውን!»

ያን ጊዜ እጁን አየ። «ሠርኬ… ተውሼው እኮ ነው። ልመልስለት ነበር።»

«መቼ ነው የተዋስከው?»

«ያን ዕለት ጠዋት። ሰመራ እኔ ጋ አድሮ ሊመለስ ሲል። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ልሰቅል፣ ብሎን የማጠብቅበት አጥቼ… ያለሱ ሱሪ ያልለበስኩ ነው የሚመስለኝ ብሎ ሲያቅማማ፣ እኔ ነኝ ድርቅ ያልኩት። በቃ ሌላ ጊዜ ስመጣ እወስደዋለሁ አለኝ።»

«ቴሌቪዥኑ ተሰቀለ?»

ይገዙ አንገቱን ደፋ። «ተሰቀለ።»

ሠርካዲስ ሰንጢውን ከእጁ መንጭቃ ወጣች። ዑመር ዛሬም ከበርሜሉ አጠገብ ነው። ሌባ ከተባለ ጀምሮ ለለቀስተኛው ውሃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲሸከም ነው የከረመው፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን እግሩን አላስገባም። ሰንጢውን ስታሳየው ከድንጋዩ ተነሳ።

«ወንድሙ ጋ ነበር» አለችው። «ታዲያ ኪሱን ማን ገለበጠው?»

«ተይው፣ እህቴ። አንዴ አልፏል።»

«ዑመር! ንገረኝ!»

«መስታወቱን በድንጋይ ሰብሬ ገባሁ። ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። ቀበቶው አልለቅም አለ። እኔ ስጎትት እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ይፈልጋል። ያወጣል፣ መልሶ ይከታል። ገበሩን ጎትቶ እስኪያወጣው ፈለገ። እኔ ስለት የለኝም። ማዶ ግመል ጠባቂ አይቼ ጮህኩ፤ ጊሌውን፣ የወገቡን ጩቤ፣ ይዞ ውሃውን እየሰነጠቀ ደረሰልን። ቀበቶውን ሲቆርጠው ግን የጌጡ ነፍስ ወጥታ ነበር።»

ወንድ ሁሉ ጊሌ ወገቡ ላይ ታጥቆ በሚሄድበት አገር፣ ባሏ በስለት እጦት ሞተ። ሠርካዲስ ጥርሷን እስኪያማት ነከሰች።

«ሌባ ብዬህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? እስኪሞት ድረስ ሰንጢውን ሲፈልግ ነበር ልበልሽ? ሌባ ብትይኝ ይሻላል።»

ሠርካዲስ እጁን ይዛ ጎተተችው። ትልቅ ሰው ነው፤ እምቢ ሊል ይችል ነበር፤ ተከተላት። ድንኳኑ መሀል አቆመችው። ድምፅዋ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን መለሰ።

«በናንተ ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። ውሸቴን ነው። የጌጡን ኪስ ማንም አልገለበጠበትም። ቀበቶ ይዞት፣ ውሃ እየዋጠው፣ ሰንጢውን ሲፈልግ ራሱ ነው የገለበጠው። ሰንጢው ሰመራ ነበር። ቴሌቪዥን ይሰቅል ነበር!»

ደረቱን ሊመታ የተነሳው የይገዙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያች ሰዓት በኋላ አንድም ጊዜ ሲጮህ አልተሰማም።

«ሠርኬ፣ ይቅር በይኝ» አላት፣ አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ሲፈርስ።

«አሁን አልልህም» አለችው። «ነገም የምልህ አይመስለኝም። ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ።»

እትዬ ባይሽ ይህን ሰምታ ልትገስጻት ፈለገች፤ ፊቷን አይታ ተወችው። ሱሪውን ብቻ ልትወስድ እጇን ዘረጋች። «አሁንስ ልጠበው? ፖሊስ ጋ መሄዱ ቀርቷል አይደል?»

«ትንሽ ቆዪኝ።»

ሠርካዲስ ሱሪውን ይዛ ጓዳ ገባች። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተጎተተውን ገበር በጣቶቿ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ መለሰችው። የደረቀው ጭቃ እየተፈረፈረ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። ኪሱ እንደ ጥንቱ ኪስ ሲሆንላት ሰንጢውን አጥፋ ከተተችው። ከዚያ በመዳፏ ከላይ መታ መታ አደረገችው።