የሰሊጥ ራይት

ባዶ ወንበር ፊት ቆማችሁ የሠላሳ ስምንት ልጆች ስም ጠርታችሁ ታውቃላችሁ? ጠርታችሁስ፣ ማንም «አቤት» ሳይላችሁ፣ በየስሙ አጠገብ ራይት አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ፋናዬን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ወቀሳው ባለቤት አላጣም፤ እንደርስበታለን።

ፋናዬ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ያለች የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት። መምህር ስለጠፋ ስምንተኛ ክፍልን የምታስተምረው ራሷ ናት። በዚያ ቆላ ትምህርት መስከረም አጋማሽ ላይ ይከፈታል፤ ሰሊጥ ደግሞ መስከረም መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የደረሰ ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። በቀኑ ካልታጨደ ፍሬው አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። ድሮ አጨዳውን ከደጋ የሚወርደው የወቅት ሠራተኛ፣ አገሬው ሳሉግ የሚለው፣ ይወጣው ነበር። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ከድንበሩ ማዶም ጦርነት ሲነድ ሳሉጉ ሳሳ። ማጭዱን የቤት ልጅ ያዘው። ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሰባት፣ ክፍሉ ባዶውን ይውላል።

ደንቡ ደግሞ ሠላሳ ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ይሰረዝ ይላል። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው ሰሊጥ ያየው ዳቦ ላይ ብቻ መሆን አለበት። ስለዚህ የቆላው መምህራን የራሳቸውን ልማድ አበጁ፤ ለአጨዳ የሄደ ልጅ እንደመጣ ይቆጠራል። መምህራኑ እርስ በርሳቸው «የሰሊጥ ራይት» ይሉታል። ፋናዬም ከቀድሞው ርእሰ መምህር ተቀብላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። ልጆቹ ኅዳር ላይ እጃቸው በማጭድ ተልጦ ሲመለሱ ስማቸው ቦታው ላይ ይጠብቃቸዋል። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ያለሱ ግን ግማሹ ክፍል አንደኛውን እንደሚቀርም ታውቃለች።

ስሙ ይትረፍ እንጂ ትምህርቱ አይተርፍም። ባለፈው ሰኔ ከሠላሳ ስምንቱ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ያለፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ ሠላሳ አምስቱ ከሰባተኛ ካለፉ ሦስት ልጆች ጋር ዘንድሮ ደግመው ይቀመጣሉ፤ ዘንድሮም አጨዳው ስድስት ሳምንታቸውን ይበላል። ለዚህ ነው ወላጆች ተሰብስበው ማመልከቻ ያስጻፉት፤ በዚህ ቆላ ትምህርት ከአጨዳ በኋላ በኅዳር ይጀመርልን፣ የዘንድሮው ፈተናም ወደ ነሐሴ ይገፋልን። ወረዳው ዞኑን ጠይቁ አለ። ዞኑ ክልሉን፣ ክልሉ ሚኒስትሩን።

ሚኒስትሩም ራሳቸው መጡ። ጥቅምት ላይ ለጉብኝት ወደ ሸሕዲ ሲወርዱ፣ ፋናዬና የወላጆች ተወካይ የሆኑት አርሶ አደር ደረበ ማመልከቻውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ጠበቋቸው። መኪናው ቆመ። በዚያው ቅጽበት ልጆች የጫነ የትራክተር ተሳቢ አቧራውን እያቦነነ በአጠገባቸው አለፈ።

«እነዚህ ወዴት ናቸው?» አሉ ሚኒስትሩ።

«ለአጨዳ ነው፣ ክቡር ሚኒስትር። የኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ዛሬ ክፍል መሆን ነበረባቸው» አለች ፋናዬ።

«የኔዋም አለችበት፣ ጌታው። ያችት፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችው» አሉ ደረበ በጣታቸው እያሳዩ።

ሚኒስትሩ ተሳቢው ከዓይን እስኪሰወር ተመለከቱ። ማመልከቻውን ተቀብለው አነበቡ፤ ገልብጠውም ፊርማውን አዩ። «ይህን ጉዳይ እኔው ራሴ ፓርላማ ይዤው እገባለሁ» አሉና የደረበን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ደረበ ለአንድ ሳምንት ስለዚያ እጅ ሲያወሩ ከረሙ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ የሚፋጅ ቀትር፣ ፋናዬ ጠመኔ ልትገዛ ሽንፋ ገበያ ወርዳ ጀይሉ ሱቅ ገባች። ጀይሉ ድንበሩን ሲነግድበት ያደገ ሰው ነው፤ ከሸቀጡ ጋር ቀልድ መርቆ ይሸጣል። ደረበም ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ የፓርላማውን ስብሰባ ያሳያል።

«ዝም በሉ እስቲ፣ የኛ ስም ተነሣ» አለ ጀይሉ ድምፁን ከፍ እያደረገ።

አንድ የምክር ቤት አባል፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጆች በአጨዳ ምክንያት ከትምህርት እንደሚቀሩና ሕዝቡ የትምህርት ካሌንደሩ እንዲለወጥለት እንደጠየቀ ተናግሮ ምን እንደታሰበ ጠየቀ። ሚኒስትሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት። እኛ የምንሠራው በወሬ ሳይሆን በመረጃ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት በእነዚህ ወረዳዎች የማቋረጥ ምጣኔ ወደ ዜሮ ወርዷል። ለአብነት ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት፣ በአጨዳው ወር እንኳ አንድ ተማሪ አልቀረም። እኔም ጥቅምት ላይ በአካል ተገኝቼ የሕዝቡን የትምህርት ፍቅር በዓይኔ አይቻለሁ። ስለሆነም ካሌንደሩን መለወጥ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«ዋላሂ፣ መምህርት፣ አገር ሙሉ አጨበጨበልሽ። የዛሬው ጠመኔ በኔ ይሁን» አለ ጀይሉ።

ደረበ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በዓይኔ አይቻለሁ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ አያ ደረበ» አለ ጀይሉ።

«ልጄን እኮ በጣቴ አሳይቻቸዋለሁ።»

«እሳቸው ያዩት ፍቅሩን ነው። ተሳቢ ላይ ተጭኖ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ሽር ሲል።»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ደረበ ግን ወደ ፋናዬ ዞሩ። «እህትዓለም፣ አንድም አልቀረም የሚለውን ከየት አመጡት?»

የጠመኔው ካርቶን እጇ ላይ ከበዳት። «ከኔ» አለች።

ልማዱን ያልሰማ ወላጅ የለም፤ ደረበም ያውቁታል። ግን እንደሷ ሁሉ እሳቸውም ያ ራይት ከወረዳው መደርደሪያ አልፎ ይሄዳል ብለው አስበው አያውቁም። ለልጅ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ውሸት ወረዳ ላይ ተደምሮ፣ ዞን ላይ ተባዝቶ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ሱፍ ለብሶ በልጁ ላይ ይመሰክራል። የምታስተምሩ፣ የምትደምሩ፣ የምትፈርሙ ሁሉ ይህን ልብ በሉልኝ።

በማግሥቱ የደረበ ልጅ ያብስራ ከትምህርት በኋላ የፋናዬ ቢሮ በር ላይ ቆመች። ፈተናውን ከወደቁት አንዷ ናት፤ ሲመሽ ቤቷ በእጅ ባትሪ የምታነብ፣ የምትጠይቀውን መርጣ የምትጠይቅ ልጅ።

«ቲቸር፣ አባቴ የቴሌቪዥኑን ነገረኝ።»

«እሺ።»

«አምና በጥቅምት ክፍል ውስጥ ነበራችሁ ነው የተባለው?»

«እንደዚያ ነው የተባለው።»

«ክፍል ውስጥ ከነበርኩ ታዲያ የወደቅኩት ደንቆሮ ሆኜ ነው ማለት ነው።»

በድምፅዋ ውስጥ ለቅሶም ቁጣም አልነበረም። አስልታ የደረሰችበትን ውጤት ነው የተናገረችው፤ ስሌቱ ደግሞ ልክ ነው። ልጅቷ እጅ ነሥታ ስትወጣ፣ ፋናዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምሕረት እያለች ስታደርግ የኖረችውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ስሙ፣ በደል ብላ ጠራችው፤ በራሷም ላይ እንዲህ ተናድዳ አታውቅም።

በሳምንቱ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ማዕረግ ሸሕዲ ወዳለው ቢሮው አስጠራት። ድሮ አብረው አስተምረዋል፤ አብረው በአንድ ሣህን በልተዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ። በየካቲት ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ጋር ይመጣሉ። አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አንቺ ምስክር ወረቀት ትቀበያለሽ» አለ።

«የምን?»

«ዜሮ ማቋረጥ።»

«ማዕረግ፣ አንተም የሰሊጥ ራይት ስታደርግ የኖርክ ሰው ነህ እኮ።»

ማዕረግ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ስሚኝ። አንቺ ራይቱን አደረግሽ። እኔ ደመርኩት። እሳቸው አነበቡት። ሰንሰለቱ ቢበጠስ መጀመሪያ የሚወድቀው የታችኛው ነው። የሐሰት ማስረጃ አዘጋጅታለች ተብለሽ ከሥራ ትወጫለሽ፤ ምናልባትም ትታሰሪያለሽ።»

«ፈተናውስ?»

«የምን ፈተና?»

«የልጆቹ። ማንም ካልቀረ የሚገፋበት ምክንያት የለም። ባላስተማርኳቸው ነገር በሰኔ ሊፈተኑ ነው።»

«ቅዳሜና እሑድ አስተምሪያቸው።»

«አስተምራለሁ፤ ከኅዳር ጀምሮ እያስተማርኩ ነው። ብቻዬን አልደርስም። መምህር ጠይቄህ ምን አልከኝ? "ትምህርት ቤትሽ ሞዴል ነው፣ ቅድሚያ ለደካሞቹ ነው" አልከኝ።»

«ታዲያ ሞዴል አይደለሽም ወይ» አለ፤ ሊያስቃት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን መለሰው። «ልጆች አሉሽ፣ ፋናዬ።»

«አሉኝ። ሠላሳ ስምንት» ብላ ወጣች።

የካቲት ላይ ሸሕዲ አዳራሽ ሞላ። ወንበር ያጣ በመስኮት ተንጠለጠለ። ጀይሉ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ደረበ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ ሚኒስትሩ፣ ከአጠገባቸው የኮሚቴው አባላት፣ ከጎን ካሜራ። ሚኒስትሩ ስለ ትውልድ፣ ስለ ድንበርና ስለ መረጃ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ልጆች የሚያጭዱትን ሰሊጥ ማን እንደሚበላው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ስሟ ሲጠራ ፋናዬ የአምናውንና የዘንድሮውን የስም መጥሪያ ታቅፋ ወጣች። ምስክር ወረቀቱን አልተቀበለችም። መድረክ መሪው ፎቶ እንድትነሣ ሲያመለክታት ማይክራፎኑን ያዘች።

«ስሜ ፋናዬ ይባላል። ይህ የኔ ጽሕፈት ነው» አለች የዘንድሮውን መዝገብ ገልጣ። «ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ተገኝቷል ይላል። ውሸት ነው። የተገኙት አራት ነበሩ። ጥቅምት አሥራ ሦስት፣ ሠላሳ ስምንት ይላል። ሦስት ነበሩ። ስማቸው እንዳይሰረዝ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ጽፌያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቅጣት ካለው ቅጣቱ የኔ ነው፤ አልሸሽም።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ማዕረግ አንገቱን ደፋ። ከኮሚቴው አንዲት ሴት ብዕር አነሡ።

ሚኒስትሩ ማይክራፎናቸውን ወደ አፋቸው አቀረቡ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ጊዜ አልፎባቸዋል። «ግልጽነትሽን እናደንቃለን። እንግዲህ ይህ ከታች የመጣ የመረጃ ጥራት ችግር ነው። ተጠያቂነቱ በሚመለከተው አካል ተጣርቶ እርምጃ ይወሰዳል። እኛ የምናውቀው የቀረበልንን ነው።»

«የቀረበልዎትን አይደለም የሚያውቁት» አለች ፋናዬ። «ጥቅምት አሥራ ሦስት አስፋልት ዳር ቆመው ነበር።»

ደረበ ተነሡ። ማይክራፎን አልፈለጉም፤ ለበሬ የሚበቃ ድምፅ አላቸው። «እኔም ነበርኩ። ልጄን አሳይቼዎታለሁ። እጄንም ይዘውኛል።»

«አባባ፣ ይቀመጡ፣ ተራዎ ሲደርስ ነው» አለ መድረክ መሪው።

«ተራዬማ ጥቅምት ላይ ደርሶ ነበር» አሉ ደረበ፤ አልተቀመጡምም።

ሚኒስትሩ ወደ ጸሐፊያቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። መድረክ መሪው ፈጠን ብሎ፣ «ክቡር ሚኒስትሩ ሌላ ፕሮግራም ስላላቸው የመምህርቷ ጥያቄ ተመዝግቧል፤ በጽሑፍ ምላሽ ይሰጥበታል» አለ። ሁለት ሰዎች መጥተው በግራና በቀኟ ቆሙ። አንደኛው «ነይ እንግዲህ፣ ቢሮ እናወራለን» አላት ዝግ ብሎ። የካሜራው ባለሙያ መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«አታጥፋው» አለች ፋናዬ። ከዚያ ወደ ሚኒስትሩ ዞረች። «ቢሮ አልሄድም። በጽሑፍም አልፈልግም፤ በጽሑፍ የተሠራውን አይተነዋል። የኔን ጥፋት በሕዝብ ፊት ተናግሬያለሁ፤ የሚያስከፍለኝን እከፍላለሁ። እርስዎ ደግሞ ተሳቢውን አይተው፣ ማመልከቻውን አንብበው፣ ለፓርላማው ማንም አልቀረም ብለዋል። እነዚህ ልጆች በዚያ ንግግርዎ ምክንያት ሰኔ ላይ ባልተማሩት ይፈተናሉ። አውቀው ነው የዋሹት ወይስ ያዩትን አላመኑም? ኮሚቴው እዚህ አለ፣ ወላጅ እዚህ አለ፣ ካሜራው በርቷል። ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ አሁን፣ በዚህ ሕዝብ ፊት ይመልሱ።»