የአያንቱ ማኅተም

መምህርት ዘርፈሽ ጌዶ ከተማ በሚገኘው የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሏ ጥግ ላይ የማስመሰል ጨዋታ ቦታ ለማዘጋጀት ሁለት ቅዳሜ ፈጀች። የፓስታ ካርቶን ሱቅ ሆነ፤ አሮጌ መጋረጃ ክሊኒኩን ከለለ። ርእሰ መምህሩ ግን «ወረዳው በደብዳቤ ካልፈቀደ ጥጉ ዓርብ ለተሰበሩት ወንበሮች ይለቀቃል» አሏት። ለወንበሮች እሳቸው ካላዘኑ ማን ይዘን!

ሐሙስ የወረዳው ሱፐርቫይዘር ኦቦ ሌንጂሳ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩና «ቢሮስ? ልጆች መንግሥትን የት ይወቁ?» አሉ።

ዘርፈሽ በልቧ «ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ» ብላ ዴስክ ጎተተች። የአምስት ዓመቷ አያንቱ ማንም ሳይጠራት ከኋላው ተቀመጠች፤ ቆርኪ ማኅተም አድርጋም ኪሷ ከተተች።

«አካም ጂርታ፣ እመቤት? ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ ጎንበስ ብለው።

አያንቱ ቀና እንኳ አላለች። «ማኅተም የያዘችው ስብሰባ ናት። ሰኞ ይምጡ።»

«ኪስሽ ውስጥ አይደል እንዴ?»

«ሰኞ አልኩ እኮ!»

ሰውዬው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዘርፈሽ ይቺን ደግ ሰዓት ተጠቅማ ለጥጉ የጻፈችውን የፈቃድ ማመልከቻ ዘረጋችላቸው። ሳቁ ቆመ።

«ማኅተም የያዘችው አምቦ ሥልጠና ላይ ናት። ሰኞ ብቅ በይ።»

እሳቸው እንደወጡ አያንቱን መምህርቷ አሳዘነቻት። ቆርኪዋን ሰማያዊ ቀለም ነክራ ማመልከቻው ላይ ዷ! አደረገችበት። ዘርፈሽም ጥጉ ላይ ለጠፈችው።

ዓርብ ርእሰ መምህሩ ወንበሮቹን አሸክመው መጡ፤ ክቡን ሰማያዊ ማኅተም ከሩቅ አዩና «ተፈቅዶ ኖሯል!» ብለው ተመለሱ። ማኅተም ቀርቦ የሚያነብ ማን አለ?