ለካሳነሽ ወንበር የሚሆን ባትሪ

እግሯ የማይሄደው መምህርት ካሳነሽ የውጭ ሚሲዮኖች ከአገር ሲወጡ የተዉላት በባትሪ የሚሄድ ባለጎማ ወንበር ነበራት። ባትሪው ከሞተ ወር ሆነው። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ በተማሪ እየተገፉ መውጣቱ ስለከበዳት ሌላ ባትሪ ካጣች ሥራውን ልትተወው ቆርጣለች።

ዲላ ገበያ፣ ባትሪ ሻጩ ኸድሩ ዘንድ ሄዳ ትልቁን ጠቆመች።

"የኤንትሬ ጭነት መኪናውን ስጠኝ፣ ጋሼ ኸድሩ። ከጨለለቅቱ ያን ሁሉ ቡና የሚያመጣ እኔን መውሰድ ያቅተዋል?"

ኸድሩ ሳቀ። "እሱማ ሞተሩን አስነስቶ ያርፋል፤ ቡናውን የሚያመጣው ናፍጣው ነው። አንቺ ናፍጣ አለሽ? ላንቺ የሚሆነው ቀስ እያለ ብዙ ሰዓት የሚሰጥ ነው። እኔ ዘንድ የለም። ያ እሑድ እሑድ ጆሮዬን ሲበላው የነበረው የጸሎት ቤታችሁ ድምፅ ማጉያ ባትሪ ግን እንዲያ ያለ ነው።"

ጸሎት ቤቱን መንግሥት ዘግቶታል። ባትሪው ያለው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አባባ ጴጥሮስ አልጋ ሥር ነው። ካሳነሽ የእግዚአብሔርን ዕቃ መለመን እያፈረች ሄደች።

አባባ ጴጥሮስ ጎትተው አወጡት። "እኔ በየወሩ እያስሞላሁ ደከመኝ፤ ሥራ ከፈታ ይሞታል። እስኪከፈትልን አንቺ እየሠራሽበት ጠብቂልን፣ ልጄ።"

ሰኞ ጠዋት ካሳነሽ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች።