የግድግዳው ስሌት

ዝናቡ ድንኳኑን አልፎ ፍራሹን ሲያርሰው ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሳሎን ገባ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጓንጉልም ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ፤ ያውም በጠመኔ የተጻፈው ላይ። የሟች ሚስት ይመኙሻል ወደ ጎረቤቷ ጠጋ አለች።

"ኩልሱም፣ እባክሽ ትንሽ ፈቀቅ በሉ በያቸው" አለች በሹክሹክታ።

ኩልሱም ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። "አንቺ ይመኙ፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ተነስ ይባላል? ደግሞ እሳቸውን?"

እውነቷን ነው፣ አይባልም።

ባሏ ወንድይፍራው የዲላን ልጆች ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። አንድ አመል ነበረበት። ቤሰል የሚሏትን፣ እየተወዛወዘች የምትሄድ ፈንክሽን ጋውስ ከሚሉት፣ እንደ ደወል ከጎበጠ ሌላ ፈንክሽን ጋር ያባዛና ፉሪየር ትራንስፎርም የሚሉትን ሌላ መልኳን ሲፈልግ ያመሻል። ወረቀት ከገበያ ሲጠፋ የሳሎኑን ግድግዳ ጥቁር ቀብቶ ሰሌዳ አደረገው። ሚስት ምን ትበል? ግድግዳዋን ሰጠችው።

ወባው ሊጥለው ሰሞን አንድ ጠዋት ጻፈ፣ ጻፈና ብቻውን ሳቀ።

"ወጣች እኮ፣ ይመኙ! ቤሰሏን ወደ ማዕዘን ፈታኋት፣ ጋውሱ በራሱ አለቀልኝ። መምህር ተሻለ ከቡና ለቀማ ዘመቻ ሲመለስ ይገለብጣታል። እስከዚያ እንዳታስነኪብኝ።"

"እኔ እያለሁ ማን ይነካታል?" አለችው።

ይኸው እሷ እያለች፣ ሐዘንተኛ ናትና ከፍራሽዋ ሳትነሳ፣ የአገሩ ትከሻ ጽሑፉን ጠረገባት።

የወንድይፍራው ባልደረባ ተሻለ ከይርጋጨፌ ቡና ለቀማ ጭቃውን እንደለበሰ ደረሰ። ገና ከበሩ "ወንድሜን!" ብሎ ሲጮህ፣ እንደ ወጉ ሁሉም አብሮት ሊያለቅስ ብድግ አለ። ግድግዳው ያን ጊዜ ታየ። ተሻለ ዕንባውን ጠርጎ ተጠጋው።

"መጀመሪያው አለ። ቤሰሏ ተፈትታለች። ከዚያ ማዕዘኑን ምን አደረገው? እትዬ ይመኙ፣ እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"በየቀኑ አየዋለሁ። እንደ ሰው ፊት ነው የማውቀው እንጂ ማንበቡን ከየት አመጣለሁ? አንተስ አታወጣትም?"

"እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። እሱ ያየው መንገድ አይታየኝም" አለና አቀረቀረ።

ጓድ ጓንጉል ሊሄዱ ቀረቧት። "እግዜር ያጽ..." ብለው ጀመሩና ጓድነታቸው ትዝ ሲላቸው "በርቺ" አሉ። ዞር ሲሉ የጥቁር ኮታቸው ጀርባ በወንድይፍራው ጠመኔ ነጭ ሆኗል። ኩልሱም ልታራግፍላቸው እጇን ስትዘረጋ ይመኙሻል ከፍራሽዋ ተነስታ ቀደመቻት። መዳፏን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች፤ አላራገፈችውም። እሳቸውም መደገፊያ የፈለገች መስሏቸው እጇን እስክታነሳ ቆመው ጠበቋት።